ጥብሱና ኪኒኑ

ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጃቸው ጋር ለምሳ የሚመጡ አንድ ጋሼ አሉ። የሚያዙት ሁልጊዜ ጥብስ ነው። ሲገቡ ደህና ይራመዳሉ፤ ከምሳ በኋላ ግን እግራቸው መሬት የያዘው ይመስል ከወንበር መነሣት ያቅታቸዋል። ፓርኪንሰን አለባቸው። ልጃቸው «ኪኒኑን እኮ ከምግቡ ጋር ነው የዋጠው፣ ለምን አይሠራለትም?» ትለኛለች። እኔ ምን አውቃለሁ! ሐኪማቸውን ስትጠይቅ ግን ጥፋቱ የጥብሱ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ በሽታ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚሠሩ ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ዶፓሚን ከነርቭ ወደ ነርቭ መልእክት የሚያደርስ ኬሚካል ነው፤ ሲያንስ ሰውነት ይገተራል፣ እርምጃ ይዘገያል፣ ብዙዎቹም እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ዶፓሚኑን ራሱን ቢውጡት ወደ አንጎል አያልፍም። ስለዚህ የሚሰጠው ሌቮዶፓ ነው፤ እሱ አንጎል ከገባ በኋላ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል።

ችግሩ መንገድ ላይ ነው። ሥጋ፣ እንቁላልና አይብ ሲፈጩ አሚኖ አሲድ ይሆናሉ። ሌቮዶፓም ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል የሚገባው በእነሱው በር ነው። ቅዳሜ ማታ የእኛን ቤት በር አስቡት፤ ጥብሱ ቀድሞ ከሞላው ኪኒኑ ውጭ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ጾም ነው ብላችሁም አትዘናጉ፣ ሽሮና ምስርም ፕሮቲን አላቸው። ባቄላማ ጉደኛ ነው፤ በራሱ ሌቮዶፓ አለበት። መጠኑ ስለማይታወቅ ግን መድኃኒት አድርጎ መብላት አደጋ አለው።

ልጅቱ ደንግጣ ሥጋውንም እንቁላሉንም ከለከለቻቸው። ሱሪያቸው በቀበቶ አልያዝ አለ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፕሮቲን ያነሰው ሰው ጡንቻው ይቀልጣል፣ ጉልበት ያጣል፤ ዶፓሚንም ቢሆን የሚሠራው ታይሮሲን ከሚባል አሚኖ አሲድ ነው።

መስተካከል የነበረበት ሰዓቱ ነው። ኪኒኑን ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም 1 ሰዓት ያህል ቆይቶ መውሰድ የተለመደ ምክር ነው። የሚያቅለሸልሸው ሰው ትንሽ ደረቅ እንጀራ ወይም ብስኩት ቢቀምስ አይጎዳውም። ምግብ በጣም የሚነካባቸው ደግሞ ቀን ቀለል ያለ በልተው ሥጋውን ለማታ ያደርጉታል። ሁሉም ላይ ግን አይደርስም፤ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ ምንም አትቀይሩ።

አሁን የጋሼ ምሳ ጎመንና አትክልት ነው፣ ጥብሱን ለማታ ቋጥረን እንሰጣቸዋለን። ሰዓት የምትጠብቀው የ9 ዓመት የልጅ ልጃቸው ናት፤ የስልኩ ደወል ሲጮህ ከአስተናጋጆቼ ቀድማ ውኃ ይዛ ትደርሳለች።