ቤተሰብን ይዞ ሕንድ ስለ መሻገር፤ የቪሻካፓትናም ኑሯችን

ወደ ሕንድ አገር ለሦስተኛ ዲግሪ የሚሄዱ መምህራንና ባለቤቶቻቸው በዚህ ቻናል ደጋግመው ከሚልኩልኝ ጥያቄዎች መካከል ክብደቱ ከሁሉ የሚበልጠው «ቤተሰብ ተከትሎ ይሂድ ወይስ አገር ቤት ይቅር?» የሚለው ነው። መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ቀጥዬ ላስረዳ። ይሂድ፤ ነገር ግን የአገሩን ልጆች ብቻ ፈልጎ በአንድ ሕንጻ የሚሰበሰብ ሳይሆን፣ ከባለ አገሩ ጋራ ግድግዳ ተጋርቶ ጉርብትናን በአባቶቹ ሥርዐት አክብሮ የሚኖር ሆኖ ይሂድ። ይህን የምለው ባለቤቴ በአንድራ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በሚከታተልበት ዘመን ሁለት ልጆቻችንን ይዤ በቪሻካፓትናም ከተማ ጎጆ ያቀናሁ፣ ልጅ ያስተማርኩ፣ ጾም ይዤ ጾም የፈታሁ እናት ስለ ሆንኩ ነው።

ቪሻካፓትናም በሕንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች፣ የባሕር ኃይል መምሪያና ትልቅ የብረት ፋብሪካ የሚገኝባት፣ ቴሉጉ የሚባለው ቋንቋ የሚነገርባት ሰፊ ከተማ ስትሆን፣ ነዋሪዎቿ በአጭሩ ቫይዛግ ይሏታል። በ1926 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አንድራ ዩኒቨርሲቲም ብዙ ኢትዮጵያውያን መምህራንን አስተምሮ የላከ ስለ ሆነ፣ ስሙ በአገራችን ኮሌጆች እንግዳ አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ብርድ ወጥቶ እዚያ የሚደርስ ሰው መጀመሪያ የሚፈተነው በአየሩ ነው። በግንቦት ወር ሙቀቱ ከባሕሩ እርጥበት ጋራ ተባብሮ ሌሊቱን እንኳ ፋታ አይሰጥም፤ መብራት ጠፍቶ በጣራው የተሰቀለው ማራገቢያ የቆመ እንደ ሆነ ሕፃናቱ ወዲያው ይባንናሉ። በሰኔ ዝናቡ ሲገባ ልብስ በቁም ሣጥን ውስጥ ይሻግታል፤ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ዐውሎ ነፋስ ይፈራል። እኛ ከመድረሳችን በፊት፣ በጥቅምት ወር 2007 ዓ.ም. ከተማዋን የመታትን ሁድሁድ የተባለ ዐውሎ ነፋስ ጎረቤቶቻችን በተነቀሉት ዛፎች ቦታ ቆመው ይተርኩልን ነበር።

የቤት ኪራይ ነገር ከአየሩ ይከብዳል። በስልክ «ኑና እዩት» ያሉን አከራዮች ፊታችንን ባዩ ጊዜ «ትናንት ተይዟል» ያሉበት ቀን ነበረ፤ «ቤት ይከራያል» የሚለው ሰሌዳ ግን በሳምንቱም ከበሩ አልወረደም። የቆዳችን ቀለም ምክንያት መሆኑን ለማወቅ ምርምር አያሻም፤ ይህንንም ሸፍኜ ብጽፍ ነገ ልጆቿን ይዛ የምትሄደውን እኅቴን መበደል ይሆንብኛል። በመጨረሻ ቤታቸውን የከፈቱልን የብራህማን፣ ማለትም የሂንዱ ካህናት፣ ወገን የሆኑ ሽማግሌና ባለቤታቸው ነበሩ። እነርሱም ያቀረቡልን ግዴታ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በግቢያቸው ሥጋና እንቁላል እንዳይበስል የሚል ነው። እኛ ከዓመቱ ቀናት እኩሌታውን የሚያህለውን ከሥጋ ተከልክለን የምንጾም ሕዝብ መሆናችንን ባለቤቴ ባስረዳቸው ጊዜ፣ የሽማግሌው ፊት ፈካ፤ በአፍሪካ እንዲህ ያለ ሥርዐት መኖሩን ከዚያ በፊት አልሰሙም ነበርና። በፍስክ ቀን ልጆቹ ሥጋ ሲያምራቸው ከምግብ ቤት እናበላቸው ነበር።

ውሉ ለ11 ወር ይጻፋል፤ የአገሩ ሰውም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ያደርጋል። በእኛ ጊዜ በነበረው ሕግ ቪዛው ከ180 ቀን የሚበልጥ የውጭ አገር ሰው በገባ በ14 ቀን ውስጥ መመዝገብ፣ አከራዩም እንግዳ መቀበሉን በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ማስታወቅ ነበረበት። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ባለቤቴን ይዘው ከጽሕፈት ቤት ጽሕፈት ቤት እየዞሩ አስፈጸሙልን።

አሁን ወደ ማድ ቤቱ ልግባ፤ የእንግዳ ቤተሰብ ኑሮ የሚጸናውም የሚፈርሰውም እዚያ ነውና። በሻንጣችሁ በርበሬና ሽሮ መጫናችሁ ይገባል፤ ነገር ግን እርድ፣ አብሽ፣ ድንብላል፣ ሄል፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ በየሱቁ ሞልቶ ስለሚገኝ ለእርሱ ኪሎ አታባክኑ። ራይቱ ባዛር የሚባል ገበያ አለ፤ ገበሬው ያለ ደላላ ምርቱን እንዲሸጥ የአንድራ ፕራዴሽ መንግሥት በ1999 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ሲሆን፣ የዕለቱ ዋጋ በሰሌዳ ተጽፎ ስለሚሰቀል ቋንቋ የማያውቅ እንግዳ እንኳ አይታለልም። እኔም ጤፍ በማጣት ስጨነቅ መድኃኒቱን ያገኘሁት ከዚያው አካባቢ ነው። ራጊ ብለው የሚሸጡት ጠቆር ያለ ደቃቅ እህል የእኛው ዳጉሳ ነው! ዳጉሳ ከኢትዮጵያ እስከ ኡጋንዳ ባለው ደጋማ ምድር ከዱር ወደ እርሻ ገብቶ፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ባሕር ተሻግሮ ሕንድ የደረሰ መሆኑን የዕፀዋት ሊቃውንት ይመሰክራሉ። በጎጃም ምድር ዳጉሳ ስትዘራና ስታጭድ ያደገች ሴት በባዕድ ገበያ ያንኑ እህል በእፍኟ ስትይዝ የሚሰማትን ደስታ በቃል መግለጥ ያስቸግረኛል።

የዳጉሳውን ዱቄት ከጥቂት የሩዝ ዱቄት ጋራ አቡክቼ አስቀመጥኩት፤ በደብረ ማርቆስ ሦስት ቀን የሚጠብቀው ሊጥ በቫይዛግ ሙቀት በአንድ ሌሊት ኩፍ ብሎ አደረ። በማግሥቱ ማለዳ በዶሳ መጋገሪያ የብረት ምጣድ ላይ ስጋግር፣ ልጆቼ «አማማ» እያሉ እንደ አያት የሚጠሯቸው የቤቱ እመቤት ሽታው ስቧቸው መጥተው በበሩ ቆሙ። ሊጡን ጎንበስ ብለው ተመለከቱ፤ አረፋውን አዩ፤ የኮመጠጠውን መዓዛ አሸተቱና ይህ የራሳቸው ሊጥ መሆኑን በእጃቸውም በአንገታቸውም ነገሩኝ። ዶሳ ማለት ሩዝና ኡራድ የሚሉት ጥቁር ምስር መሰል ጥራጥሬ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ ሌሊቱን ቦክቶ የሚጋገር ስስ ቂጣ ነውና እውነታቸውን ነበር። ጭልፋውን ከእጄ ተቀብለው ሊጡን በምጣዱ መሀል ጠብ አደረጉና እያዞሩ ወደ ዳር አሰፉት፤ እኔ ደግሞ ከዳር ጀምሬ ወደ መሀል እያዞርኩ አፈሰስኩ። የእርሳቸው ስስና ጥርት ያለ ሆነ፤ የእኔ ዐይን አውጥቶ ለስልሶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርሾ ስናጣ እንለዋወጥ ነበር፤ አንዲትም የቴሉጉ ዐረፍተ ነገር ሳላውቅ አንድ ወዳጅ አገኘሁ።

ስለ ጾም አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በሕንድ በሚሸጥ ሥጋ በሌለበት የታሸገ ምግብ ላይ ይህንኑ የሚያመለክት አረንጓዴ ነጥብ አለ፤ ብዙ ምግብ ቤቶችም አትክልት ብቻ የሚያቀርቡ ናቸው። ይህ ግን ቅቤና ወተት የለበትም ማለት አይደለም። በሩዙም በጣፋጩም በምስሩም ላይ ንጥር ቅቤ ጣል ማድረግ ልማዳቸው ስለ ሆነ፣ በዐቢይ ጾም ከቤት ውጭ የሚበላ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ።

በቀኝ እጅ መብላታቸው ከእኛ ጋራ ቢያስተባብራቸውም፣ የማዕዳችን ሥርዐት ግን አስደነገጣቸው። በእነርሱ ዘንድ አንዱ ቀምሶ የተወውን ወይም የበላበት እጅ የነካውን ምግብ ሌላው መብላት እንደ ርኵሰት የሚቈጠር ሲሆን፣ ከአንድ ጠርሙስ እንኳ ሲጠጡ ከንፈር ሳያስነኩ ከላይ ወደ አፍ ያንቈረቍራሉ፤ ልጆቼም ይህን ከትምህርት ቤት ተምረው መጥተው ወለሉን በውኃ ያጥለቀልቁብኝ ነበር። በትንሣኤ በዓል አማማንና ሽማግሌውን በእነርሱ ሥርዐት የሚበላ አብስዬ ጋበዝኩ፤ ለእነርሱ በሙዝ ቅጠል ለየብቻ አቀረብኩ፤ እኛ በአንድ ትሪ ከበብን። ለልጄ ጉርሻ ስሰጣት አማማ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ አይተው፣ እናታቸው በልጅነታቸው ሩዙን በእርጎ እየጠቀለለች በእጇ ታጐርሳቸው እንደ ነበር ነገሩን። ያም ቢሆን ከትሪያችን አልቀመሱም፤ እኔም አላስገደድኳቸውም፤ የሃይማኖት ሕግ የሚከበርበት ቤት ለእኔ የታፈረ ቤት ነው።

ትምህርት ቤት በሰኔ ይከፈታል። ክራባት፣ የተወለወለ ጫማ፣ መምህሩ በየዕለቱ ማስታወሻ የሚጽፍበት ደብተር፣ እስከ 20 ድረስ በቃል የሚወጣ የማባዣ ሠንጠረዥ! ይህ ጥብቅነት ለብዙ ወላጅ ይከብዳል፤ እኔ ግን አባቴ በጃንሆይ ዘመን ሒሳብን የተማረው ከደቡብ ሕንድ ከኬረላ ከመጡ መምህር ስለ ነበረ፣ የሥርዐቱን ጠባይ ከቤቴ አውቀዋለሁ። ልጆቹ ቴሉጉን ከጓደኞቻቸው እየለቀሙ ብዙ ሳይቆዩ የገበያ አስተርጓሚዎቼ ሆኑ።

በእሑድ ቀን የምንሄደው የኬረላ ተወላጆች ወደሚያስቀድሱባት የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እነርሱ ክርስትናቸውን ከሐዋርያው ቶማስ ስብከት የሚያያይዙ ሲሆኑ፣ በ1957 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ላይ በጠሩት ጉባኤ ከተሰበሰቡት አኃት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ የእነርሱ ናት። ጫማ ወልቆ፣ ሴቶች ተከናንበው፣ ወንድና ሴት ለየብቻ ቆመው ሲያስቀድሱ ላየ ሰው፣ ቋንቋው ማላያላም ቢሆንም ልቡ አገሩ ይገባል። ልደትን ግን በዲሴምበር 25 ስለሚያከብሩ የእኛን ገና በቤታችን ብቻችንን እናከብር ነበር። በገናችንና በጥምቀታችን መካከል ደግሞ የአገሬው ሳንክራንቲ ይውላል፤ በዋዜማው ንጋት ቦጊ ብለው በየሰፈሩ አሮጌውን እንጨትና ዕቃ ከምረው ሲያቃጥሉ ልጆቼ ደመራ ነው ብለው ተሯሩጠው ወጡ።

ጉርብትና ምን እንደሚሠራ በሙሉ የገባኝ ግን ጥቅምት 29 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በቴሌቪዥን ቀርበው የ500ና የ1000 ሩፒ ኖቶች ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ሕጋዊ ገንዘብነታቸው እንደሚቀር ዐወጁ፤ እነዚህም በአገሩ ከሚዘዋወረው ገንዘብ በዋጋ 86 ከመቶ የሚያህሉ ነበሩ። በቤታችን የነበረው የወሩ ኪራይና ቀለብ በሙሉ ባለ 500 ነበር። በማግሥቱ ባንክ ተዘጋ፤ ሲከፈትም አንድ ሰው መለወጥ የሚችለው እስከ 4000 ሩፒ ድረስ ሆኖ ሰልፉ መንገዱን ዞሮ ነበር። ባለቤቴ ፓስፖርቱን ይዞ ከንጋት እስከ ቀትር ቆሞ ባዶ እጁን የተመለሰበት ቀን አለ። በዚያ ሰሞን አትክልት በጋሪ እየገፋች በየደጁ የምትሸጠው፣ እኛም «አካ» ብለን እንደ ታላቅ እኅት የምንጠራት ሴት በሬን አንኳኩታ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ጎመን መዝና ሰጠችኝ፤ ገንዘብ እንደሌለኝ ባሳየኋት ጊዜ እጇን አወናጭፋ፣ ሒሳቡን በኩሽናዬ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጽፋ ሄደች። በየማለዳው እንዲሁ አደረገች። ሽማግሌውም ኪራዩን ባንኩ እስኪረጋ ድረስ አልጠየቁንም። በዚያው ጊዜ በዩኒቨርሲቲው አጠገብ የውጭ ተማሪዎች ብቻ በሚኖሩበት ሕንጻ የነበሩ ወገኖቻችን፣ የሚያውቃቸው ሻጭም አከራይም ስላልነበረ ከእኛ የተበደሩትን ሩዝ ተካፍለው ሰነበቱ። በገንዘብም በትምህርትም ከእኛ የማያንሱ ሰዎች ነበሩ፤ የጎደላቸው ደጃቸውን የሚያንኳኳ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ የምትሄዱ እኅቶችና ወንድሞች ሆይ፣ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የልጆቻችሁን የልደትና የትምህርት ማስረጃ አገር ቤት ሳላችሁ አረጋግጡ፤ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ከሰኔ በፊት ድረሱ፤ ቤት ስትመርጡ ከዩኒቨርሲቲው ራቅ ቢልም ሽማግሌና ሕፃን ያለበትን ሰፈር ምረጡ፤ በመጀመሪያው ሳምንትም የሠራችሁትን ጥቂት ነገር በሳህን አድርጋችሁ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ። የዳጉሳውን እንጀራ አሠራር መጠኑን ጨምሬ በሚቀጥለው ጽሑፍ እልክላችኋለሁ፤ የቀረ ጥያቄ ያላችሁ ከዚህ በታች ጻፉልኝ።