አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና የመምህራቸው አደራ

በምናስተምርበት ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ክፍል ውስጥ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ጠርዙ ያረጀ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አለ። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ተማሪ «ሀገር» የሚለውን የግእዝ ቃል ሊፈልግ ገልጦት፣ በመጀመሪያው ገጽ ሀን ቢያጣ ወደ እኛ መጣና «የኔታ፣ ይህ መጽሐፍ ሲጠረዝ ገጹ የተዘበራረቀ ይመስለኛል» አለን።

እኛም መዝሙረ ዳዊትን አስገልጠን መዝሙር 118ን አሳየነው። በዚያ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እየተባለ እንደሚከፈል ሁሉ፣ ይህም መዝገበ ቃላት በአ፣ በ፣ ገ፣ ደ ተራ የተሰናዳ ስለ ሆነ ሀ በአምስተኛው ስፍራ እንደምትገኝ ነገርነው። ልጁም ደስ ብሎት «ይህን የደከመበት ማን ነው?» ሲል ጠየቀን። መልሱ የአንድ ሰው ስም ብቻ አይደለምና፣ ለእርሱ የነገርነውን ለእናንተም ለክቡራን አንባብያን ልናካፍል ወደድን።

ሥራውን የጀመሩት የሸዋው ሊቅ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። እኒህ ሊቅ ከሀገራቸው ወጥተው ባሕር ተሻግረዋል፤ የኢጣልያው ምሁር ኢኛትሲዮ ጉይዲ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1901 በሮማ ያሳተመውን የአማርኛና የጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ ረድተውታል፤ በኢየሩሳሌምም ተቀምጠው አስተምረዋል። ዲልማን የተባለው የጀርመን ሊቅ ታላቁን የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1865 በላይፕሲክ ቢያሳትምም፣ ፍችው በላቲን ቋንቋ ስለ ነበረ ለቅኔ ቤት ተማሪ የተዘጋ በር ነበር። ስለዚህ መምህሩ የግእዙን ቃል በአማርኛ የሚፈታ መጽሐፍ ይጽፉ ጀመር። ነገር ግን ሥራው ሳይፈጸም በ1900 ዓ.ም. አረፉ፤ ጅምሩንም ለደቀ መዝሙራቸው ለኪዳነ ወልድ በአደራ ተዉት።

በ1862 ዓ.ም. በሸዋ የተወለዱት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በኢየሩሳሌም 30 ዓመት ያህል ኖረዋል። ወደዚያ የሄዱት ግን ቅዱሳት መካናትን ተሳልሞ ለመመለስ ብቻ አልነበረም። ዕብራይስጥን፣ ሱርስትንና ዐረብኛን እየተማሩ የግእዝን ቃል ከእኅቶቹ ቋንቋዎች ጋር ያስተያዩ ነበር። ቤት የምንለው በዕብራይስጥ ባይት፣ በዐረብኛ በይት መሆኑን ያየ ሰው፣ የአንዱን ቃል ሥር ለማወቅ ጎረቤቱን መጠየቅ እንደሚገባ ይረዳል። እንዲህ እያደረጉ ከመምህራቸው የተቀበሉትን ጅምር አሰፉት፣ አበዙት።

ወደ ሀገራቸው ከተመለሱ በኋላ በድሬ ዳዋ ተቀምጠው የትንቢተ ሕዝቅኤልን ትርጓሜ በ1916 ዓ.ም. አሳተሙ። መዝገበ ቃላቱ ግን ገና በእጅ ጽሑፍ ነበር። የጠላት ወረራ መጣ፤ ዓመታት አለፉ፤ ሊቁም የሥራቸውን ኅትመት ሳያዩ በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። እርሳቸውም በተራቸው አደራውን ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ሰጥተው ነበር።

አለቃ ደስታም አደራ በላ አልሆኑም። «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የተባለው ይህ መጽሐፍ በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታትሞ ወጣ። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የራሳቸውን ትልቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በዚያው በአበገደ ተራ አሳተሙ። እንግዲህ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ካረፉ ጀምሮ መጽሐፉ እስኪታተም ድረስ ወደ 50 ዓመት አልፏል። የጀመረው ፍጻሜውን አላየም፤ ያሰፋው ኅትመቱን አላየም፤ ያሳተመውም ጀማሪው እኔ ነኝ አላለም።

ይህን የምንጽፈው ለማመስገን ብቻ አይደለም። በአንድ ቤት የሟች ሊቅ የእጅ ጽሑፍ የበርበሬ መጠቅለያ ሆኖ አይተን እጅግ አዝነናል። ልጆቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ አባታቸው በሕይወት ሳሉ «ይህ እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ አንተ ጠብቀው» ብለው ለአንዳቸውም አላስረከቡም ነበር። ሦስቱን ሊቃውንት ከዚህ ቤት የለያቸው ዕውቀታቸው ብቻ ሳይሆን ወራሻቸውን አስቀድመው ማዘጋጀታቸው ነው። ስለዚህ በቤታችሁ የአባት ዳዊት፣ የአያት የጸሎት መጽሐፍ ወይም የታሪክ ማስታወሻ ቢኖር፣ አንዱን ልጅ ጠርታችሁ በአጠገባችሁ አስቀምጡና አስነብቡት፤ ከዚያም በእጁ ስጡት።

ያ ተማሪ «ሀገር»ን ካገኘ በኋላ መጽሐፉን ወዲያው አልመለሰም። በማግሥቱ ከቤቱ ወፍራም ወረቀት አምጥቶ ያረጀውን ጠርዝ በጥንቃቄ ለበጠው። እኛም የመጻሕፍቱን ክፍል ቁልፍ በየሳምንቱ ዓርብ ለእርሱ መስጠት ጀምረናል።

እግዚአብሔር የሊቃውንቱን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን።