ብየዳን ከትንሹ መጀመር

በብዙ አጥቢያዎች ግቢ አንድ ጥግ ላይ እግሩ የተናጋ አግዳሚ ወንበር፣ የወለቀ የመስኮት ፍሬም፣ የተሰበረ የጧፍ መትከያ ተከማችቶ ይታያል። በያጅ ከከተማ ማስመጣት ከዕቃው ዋጋ የሚበልጥ ወጪ ስለሚጠይቅ ጉዳዩ ከአንዱ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ወደ ሌላው ይተላለፋል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሰንበትንና በዓላትን ሳይነኩ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ብየዳ ቢለማመዱ ይህን ማቃለል ይቻላል። ይሁንና ልምምዱ በምን እንደሚጀመር አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ለዚህ የምናቀርበው መመዘኛ አንድ ነው፦ ሥራው ቢሰበር ማን ይጎዳል? የጀማሪ ብየዳ ከላይ ሲታይ ያማረ ሆኖ ሳለ ወደ ብረቱ ሳይዘልቅ ላዩ ላይ ብቻ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የደወል መስቀያ፣ መሰላል፣ የውኃ ታንከር ማቆሚያና የዋናው በር ማጠፊያ ለሠለጠነ ባለሙያ ይተዉ።

ለመጀመሪያ ሥራ የምንመርጠው አሸዋ የሚሞላበት የጧፍ መትከያ ሣጥን ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ቁርጥራጭ ብረቶችን በአንድ ጎን ብቻ በያይዶ በሞርሳ ማሰርና በመዶሻ መምታት ያስፈልጋል። ብረቱ ጎብጦ ብየዳው ከያዘ መልካም ነው፤ ብየዳው ከአንደኛው ብረት ልክ እንደ ቅርፊት ከተላቀቀ ግን ሙቀቱ አንሷል ወይም እጅ ፈጥኗል ማለት ነው። ይህን ደጋግሞ ያላየ ተማሪ የብየዳውን መልክ ብቻ ይዞ ይቀራል።

ለሣጥኑ ፍሬም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንግል ብረት ይበቃል። 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በአብዛኛው ከ60 እስከ 90 አምፔር ይሠራል፤ ጫፉም ከብረቱ የሚርቀው በራሱ ውፍረት ያህል ነው። አራቱን ማዕዘኖች በመጀመሪያ በነጥብ ብቻ ማያያዝ፣ ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ መለካት፣ ሁለቱ ልኮች እኩል ሲሆኑ ብቻ መጨረስ ይገባል፤ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ብረቱን ስቦ ያጣምማልና። ስስ ላሜራ ቶሎ ስለሚበሳ ወለሉ በመጨረሻ ይሠራል።

ስለ ጥንቃቄ ረዘም አድርገን ብንናገር አንባብያን አይታዘቡን። የብየዳው ብርሃን ዓይንን የሚጎዳው ሳይታወቅ ነው፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ እንደ ገባ ሆኖ ይሰማል። በያጁ ቁጥር 10 ወይም ከዚያ በላይ ጥቁር መስታወት ያለው ጭምብል ያድርግ። ለማየት የሚሰበሰቡት ሕፃናት ግን ጭምብል የላቸውምና ቦታው ይከለል። ልብሱ ከጥጥ፣ ጓንቱ ከቆዳ ይሁን።

ከውኃ ፕሮጀክት የተረፈ የጋልቫናይዝድ ቧንቧ ለልምምድ አይወሰድ። በላዩ ያለው ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጢስ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያስይዛል። ነዳጅ የነበረበት በርሜልም፣ ባዶ ቢመስል እንኳ፣ ሊፈነዳ ስለሚችል ፈጽሞ አይበየድ።

የሥራው ቦታ ከቤተ መቅደሱ፣ ከመጋረጃና ከደረቅ ሣር የራቀ ይሁን። ማሽኑ ከጠፋ በኋላም አንድ ሰው ውኃና አሸዋ አቅርቦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ፤ ፍንጣሪ ሣር ውስጥ ገብቶ ሳይታይ ሊቆይ ይችላልና።