ፕሮሰሰር መቀየር ወይስ ሳይቸግር ጤፍ ብድር?

ባለፈው ሴሚስተር የመመረቂያ ፕሮጀክቴን ስሠራ ላፕቶፔ ተስፋ አስቆረጠኝ። ፕሮግራሙ እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ ይደርሳል ብል ብዙም አላጋነንኩም። ባህል አዳራሽ አካባቢ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ይዤው ሄድኩ። ባለሙያው ካየው በኋላ፣ «ወንድሜ፣ ፕሮሰሰሩን በአይ 7 እንቀይርልህ፤ እንደ አዲስ ይሆንልሃል» አለኝ። የጠራው ዋጋ ግን እናቴ በሁለት ወር ከምትልክልኝ ብር ይበልጣል። «እስቲ አስቤበት ልምጣ» ብዬ ወጣሁ። ያሰብኩት እነሆ።

አንደኛ፣ ለመሆኑ ይቀየራል ወይ? ፕሮሰሰሩ በሶኬት የገባ ከሆነ ይወጣል፤ ማዘርቦርዱ ላይ ከተበየደ ግን ነገሩ አለቀ። ከኢንቴል ምርቶች እስከ አራተኛው ትውልድ (እ.ኤ.አ. 2013) ድረስ ስማቸው በ«ኤም» ወይም በ«ኪውኤም» የሚያልቁት ብዙዎቹ በሶኬት የሚገቡ ነበሩ። በ«ዩ» የሚያልቁት የተበየዱ ናቸው። ከአምስተኛው ትውልድ ወዲህ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሁሉም ተበይዷል ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ የማሽኑ ባዮስ አዲሱን ቺፕ ማወቅ አለበት።

ሁለተኛ፣ ምን ይጨምርልኛል? የእኔው ኮር አይ 5-3320ኤም 2 ኮር ሲኖረው እስከ 3.3 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። የታሰበልኝ ኮር አይ 7-3632ኪውኤም 4 ኮር አለው፤ ፍጥነቱ ግን ቢበዛ 3.2 ነው። ስለዚህ ሥራን ለአራቱም ኮሮች ለሚያከፋፍል ፕሮግራም ጥሩ ነው፤ በአንድ ኮር ለሚሠራው ግን ምንም አይፈይድም።

ሦስተኛው ዋናው ነው፤ መዘግየቱ ከየት መጣ? ተስክ ማናጀርን ከፍቼ አየሁ። ፕሮሰሰሩ 30 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ሃርድ ዲስኩ ግን 100 በመቶ ተይዟል። 4 ጊጋባይቱ ሜሞሪ ስለሚሞላ ማሽኑ የተረፈውን ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያስረዳው ሕግ እዚህ ላይ ይሠራል። 100 ሴኮንድ ከሚፈጅ ሥራ ውስጥ የፕሮሰሰሩ ድርሻ 30 ነው እንበል። ፕሮሰሰሩን እጥፍ ብናፈጥነው 85 ሴኮንድ ይሆናል። የቀረውን 70 የዲስክ ጥበቃ ወደ 7 ብናወርደው ግን በ37 ያልቃል።

ስለዚህ ኤስኤስዲ ገዛሁ፤ ሜሞሪውንም 8 አደረግሁት። ለሁለቱም ያወጣሁት ከተጠየቅሁት ግማሽ አልሞላም፤ ፕሮጀክቱም በጊዜው ደረሰ። ደግሞም የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ሦስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰርን፣ አይ 7ም ቢሆን፣ በይፋ አይቀበልም። ኤስኤስዲው ግን ላፕቶፑ ቢያረጅም ቢያንስ እንደ ውጫዊ ዲስክ ያገለግለኛል።

ይህ ማለት ግን ፕሮሰሰር የቀየረ ሁሉ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ቪዲዮ የሚያቀናብረው የዶርም ጓደኛዬ ቀየረና ተጠቀመ፤ የእሱ ፕሮሰሰር 100 በመቶ ሲሠራ ነበርና። እናንተም ብር ከማውጣታችሁ በፊት ያቺን መስኮት ክፈቱና ማን እንደደከመ እዩ።