ሃይድሮጂን ለማዳበሪያ ወይስ ለውሃ መሳቢያ?

በኤሌክትሪክ ኃይል ከውሃ የሚለየው ሃይድሮጂን «ንጹሕ ነዳጅ» እየተባለ በሰፊው ስለሚወደስ፣ ለገበሬው የሚበጀው የት ላይ እንደሆነ ለይቶ ማየት ተገቢ ነው።

አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ለማምረት 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ጋዙ ተመልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ የሚገኘው ግን ከሲሶው እምብዛም አይበልጥም። የመስኖ ፓምፕን በፀሐይ ኃይል በቀጥታ ማንቀሳቀስ እየተቻለ በሃይድሮጂን ልሥራ ማለት እህልን በተቀደደ ስልቻ እንደ መጫን ነው።

የማዳበሪያ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ዩሪያ የሚሠራበት አሞኒያ ያለ ሃይድሮጂን አይገኝም። በግብፅ የአስዋን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በግድቡ ኤሌክትሪክ ሃይድሮጂን እያወጣ ማዳበሪያ ለብዙ ዓመታት ሲያመርት ቆይቶ፣ ኋላ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞሯል። ማዳበሪያ ከውጭ ለምታስገባው ኢትዮጵያም ሒሳቡን የሚወስነው የኤሌክትሪኩ ዋጋ ነው። ርካሽ ኃይል ዓመቱን ሙሉ ካልተገኘ የአንድ ኩንታል ዩሪያ ዋጋ ለገበሬው አይቀንስለትም።