እግር ሲታከም ምን ይደረጋል?

አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ የድንቅነሽን ቅሪተ አካል የሚያይ ሰው ዓይኑ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው መንጋጋዋና ዳሌዋ ላይ ነው። ስለ ወገኖቿ አረማመድ ብዙ ከነገሩን አጥንቶች አንዱ ግን የእግር አጥንት ነው። ሐዳር ላይ የተገኘና እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ፣ ከአራተኛው የእግር ጣት ጋር የሚያያዝ አጥንት፣ ውስጥ እግራቸው እንደ እኛው ቅስት እንደነበረው አመልክቷል። በአንዱ እግራችን ብቻ 26 አጥንቶች አሉ፤ ሁለቱ ሲደመሩ ከመላ አካላችን አጥንት ሩብ ያህሉን ይይዛሉ። ቀኑን ሙሉ ተሸክሞን የሚውለውን ይህን አካል ለሐኪም የምናሳየው ግን ካበጠ ወይም ከቆሰለ በኋላ ነው።

ስኳር ላለበት ሰው ይህ መዘግየት እግር ያስከፍላል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቭን ያደነዝዛል፤ የደም ሥርንም ያጠባል። የደነዘዘ እግር ጠጠር ሲወጋው፣ ጫማ ሲልጠው፣ እሳት ሲፈጀው ባለቤቱ አይሰማውም። ደም በደንብ የማይደርሰው ቁስል ደግሞ ቶሎ አይሽርም። ኢንፌክሽኑ አጥንት ድረስ ከዘለቀ እግር እስከ መቁረጥ ይደረሳል። ከአምስት ኪሎ ወደ ላይ ሲሉ የካቲት 12 ሆስፒታል፣ ወደ ታች ሲወርዱ ጥቁር አንበሳ፣ በሁለቱም ለስኳር ክትትል የሚመላለሱ ብዙዎች አሉ። ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእነሱና ለቤተሰባቸው ነው።

የዛሬው የእግር እንክብካቤ ከሥጋ ደዌ ሕክምና ብዙ ተምሯል። ዶክተር ፖል ብራንድ ሕንድ ውስጥ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም፣ ስሜት ያጣ እግር የሚቆስለው ባልታወቀ ጉዳትና በተደጋጋሚ ጫና መሆኑን አስረዳ። ስለዚህ ጫናውን የሚያቀል ጫማ ራሱ መድኃኒት ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል አለርትም ለታካሚዎቹ እንዲህ ያለ ጫማ የሚሠራ ወርክሾፕ አለው። ለሥጋ ደዌ የተገኘው ይህ ጥበብ ዛሬ ስኳር ያለበትን ሰው እግር ያድናል።

በአገራችን የእግር ምርመራውንና ሕክምናውን በአብዛኛው የሚሠሩት ነርሶችና ሐኪሞች ናቸው። ምርመራ ክፍሉ ሲገቡ መጀመሪያ ይጠየቃሉ፦ ስኳሩ ከተገኘ ስንት ዓመት ሆነ? ከዚህ በፊት እግር ቆስሎ ያውቃል? ሌሊት ያቃጥላል? ሲሄዱ ባትዎን ይይዝዎታል? ቀጥሎ ሁለቱም ጫማና ካልሲ ይወልቃሉ። ባለሙያው በጣቶች መሃል ፈንገስ፣ በተረከዝ ላይ ንቃቃት፣ በውስጥ እግር የደደረ ቆዳ መኖሩን ያያል። የጫማዎን ውስጥም ዳስሶ ምስማር ወይም የሚቆረቁር ስፌት እንዳይኖር ይመለከታል።

ከዚያ ስሜት ይለካል። ዓይንዎን ይጨፍናሉ፤ ባለሙያው ሞኖፊላመንት የተባለውን ቀጭን የናይለን ክር ውስጥ እግርዎ ላይ እስኪጎብጥ ይጫናል። ክሩ የሚጎብጠው በ10 ግራም ጫና ነው። ሲነካዎት «ተሰማኝ» ይላሉ፤ ይህን መንካት ያልተሰማው እግር መከላከያውን አጥቷል ማለት ነው። በመጨረሻም በእግር ጀርባና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ የደም ሥር ትርታ በጣት ይፈለጋል። ይህ ሁሉ አያምም፤ ጊዜውም አጭር ነው።

ችግር ከተገኘ ሕክምናው ይቀጥላል። የደደረ ቆዳ በንጹሕ መሣሪያ ይላጣል፤ ከሥሩ የተደበቀ ቁስል ሊኖር ይችላልና። ወፍራም ጥፍር ይስተካከላል። ቁስል ካለ የሞተው ሥጋ ይነሳል፣ ይታጠባል፣ ይታሸጋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ቦታ ክብደት እንዳያርፍበት ይደረጋል። በየቀኑ እየረገጡት የሚድን ቁስል የለም። የውበት ሳሎን ጥፍር ሊያሳምር ይችላል፤ ስሜት ያጣ እግር ግን የሚነካው በሰለጠነ እጅና ከጀርም በጸዳ መሣሪያ ብቻ ነው።

የቀረው ሥራ የቤት ነው። ማታ ማታ እግርዎን ከላይም ከታችም ይዩ፤ ጎንበስ ማለት ካቃተዎ መስታወት ይጠቀሙ ወይም ልጅዎ ይይልዎ። በለብታ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ፤ የውሃውን ሙቀት በእግርዎ ሳይሆን በክርንዎ ይለኩ። ድካም ያወጣል ብለው በሙቅ ጨው ውሃ አይዘፍዝፉት። በጣቶች መሃል በደንብ ያድርቁ፤ ቫዝሊን ለተረከዝ እንጂ ለጣቶች መሃል አይሆንም። ጥፍርን ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፤ የደደረውን ቆዳ በምላጭ አይንኩት። ቤት ውስጥም በባዶ እግር አይሂዱ፤ ጫማ ከሚወልቅበት የጸሎት ቦታ ሲመለሱ ደግሞ እግርዎን ይመልከቱ።

የቀጠሮው ድግግሞሽ እንደ አደጋው ነው። ስሜቱም የደም ዝውውሩም ደህና የሆነ በዓመት አንዴ ይታያል፤ ከሁለቱ አንዱ የተጎዳበት በየ6 እስከ 12 ወር፤ ሁለቱም የተጎዱበት በየ3 እስከ 6 ወር። ከእነዚህ ጉዳቶች በአንዱ ላይ እግሩ ቀድሞ የቆሰለ ወይም የተቆረጠ ከሆነ በየ1 እስከ 3 ወር መታየት አለበት። አዲስ ቁስል፣ መቅላት፣ እብጠት ወይም መጥቆር ካዩ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ባያምዎትም በዚያው ቀን ይሂዱ። በመደበኛው ክትትል ቀን ደግሞ ስኳርዎ ተለክቶ መድኃኒትዎ ሲጻፍልዎ፣ ማንም ባይጠይቅዎ እንኳ «እግሬንም ይዩልኝ» ይበሉ። ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው።