ጃቫና የኦብጀክት መረጃ ቋት፦ በተማሪ መዝገብ ሲታይ

እንደሚታወቀው እኛ እጩ መምህራን ሳንጃም ሆነ ሌላ ወረዳ ብንመደብ በመጀመሪያ እጃችን የሚገባው የተማሪ መዝገብ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ደግሞ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ልጆች አይጠፉም። የአንዱ ማርክ ለሌላው ከተጻፈ ያለፈው ልጅ ወደቀ ይባላል። በደሉ ቀላል አይደለም። ታዲያ መዝገቡን በኮምፒዩተር እንያዝ ብንል እንዴት ይሆናል? አንዱን መንገድ ባጭሩ እናስረዳለን።

ጃቫ ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ ያደረገው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በጃቫ መጀመሪያ ክላስ የሚባል ንድፍ ይወጣል፤ ተማሪ ማለት ስም፣ የአባት ስም፣ ክፍልና ማርክ ያለው ነው ብለን እንወስናለን። ማርክም የራሱ ንድፍ ይኖረዋል። በንድፉ መሠረት የሚፈጠረው እያንዳንዱ ተማሪ ኦብጀክት ይባላል። ጃቫ የአገራችንን ፊደል ስለሚቀበል የንድፉን ስም «ተማሪ» ብለን ብንጽፈውም ይሠራል።

በተለመደው የሰንጠረዥ ቋት ስም በአንድ ሰንጠረዥ፣ ማርክ በሌላው ይቀመጥና በቁጥር ይያያዛሉ። የኦብጀክት ቋት ግን ተማሪውን ከነማርኩ እንዳለ ያስቀምጠዋል። ለእያንዳንዱም የራሱን መለያ ስለሚሰጥ ሞክሼዎቹ አይቀላቀሉም። በስም ስንፈልግ ግን ሁለቱም ይመጣሉ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት የእኛ ፋንታ ነው።

ዲቢፎርኦ የተባለውን ቋት እንውሰድ። አዲስ ተማሪ «ስቶር» ሲባል ማርኩም አብሮ ይገባል፤ «ኮሚት» ሲባል ይጸናል። ጣጣው በእርማት ጊዜ ነው። ማርክ አርመን ተማሪውን ብቻ መልሰን ብናስቀምጥ፣ ካልታዘዘ በቀር ቋቱ ላይ ላዩን ብቻ ያድሳል። ፕሮግራሙ እስኪዘጋ የታረመው ይታያል፤ በማግስቱ ሲከፈት እኮ አሮጌው ማርክ ቁጭ ብሏል! ስለዚህ ማርኩን ለብቻው ማስቀመጥ፣ ከዚያም ፋይሉን ዘግቶ ከፍቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ዲቢፎርኦን እ.ኤ.አ. በ2008 ቨርሳንት ገዝቶት ነበር፤ ዛሬ ግን ሥራው ስለቆመ ለመማሪያ እንጂ ለቋሚ መዝገብ አንመክረውም። መካከለኛ መንገድም አለ። ጤና ሚኒስቴራችን የሚሠራበት ዲኤችአይኤስ 2 በጃቫ የተጻፈ ሲሆን፣ ኦብጀክቶቹን ሃይበርኔት በተባለ አገናኝ ወደ ሰንጠረዥ እየመለሰ ያስቀምጣል።

በየትኛውም መንገድ ቢሆን የወረቀቱን መዝገብ አንጣለው። ማርክ በታረመ ቁጥር ሁለቱን እናመሳክር።